ትምህርት ቤት ወይስ ቤት?

የጎረቤታችን ልጅ ሙሉ ወጪዋ ተሸፍኖላት ውጭ አገር የመማር ዕድል በማግኘቷ፣ እሑድ ዕለት ቤተሰቧን እንኳን ደስ አላችሁ ለማለት ተሰብስበን ነበር። «ይህን ያደረገላት ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ያስነሳው ክርክር ከአቦል እስከ በረካ ዘለቀ።

ጡረታ የወጡት የፊዚክስ መምህር ምስጋናውን ለትምህርት ቤቱ ሰጡ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.2 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ፣ 1,328 ትምህርት ቤቶችም አንድም ተማሪ እንዳላሳለፉ አስታውሰው፣ «ወሳኙ ቤተሰብ ቢሆን ኖሮ፣ በነዚያ ሁሉ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ልጁን የሚከታተል አንድ ወላጅ እንኳ ጠፍቶ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

የሦስት ልጆች እናት የሆነችው የሂሳብ ሠራተኛ ግን አልተቀበለቻቸውም። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ትምህርት ቤቱ በደከመበት ቀበሌ ወላጁም ችግረኛ ነው፤ ሁለቱን በምን ይለያዩአቸዋል?» አለች። የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያው ጄምስ ኮልማን የመራውን፣ በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣውን የኮልማን ጥናት ጠቅሳም፣ የተማሪዎችን ውጤት በማለያየት ረገድ ከትምህርት ቤት ይልቅ የቤተሰብ ሁኔታ እንደሚያመዝን አስረዳች። የእንግሊዝኛ ፈተና ክፍያውን የሚችለው፣ የማመልከቻው ቀን እንዳያልፍ የሚያስታውሰውም ወላጅ መሆኑን ጨመረችበት።

መምህሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶችን አነሡ፤ ፊደል ካልቆጠሩ ወላጆች ተወልደው እዚያ ገብተው ከፍተኛ ውጤት የሚያመጡ ልጆች አሉና። እርሷም ልጆቹ ሲገቡ በፈተና ተመርጠው መሆኑን አልዘነጋችም።

የምርጫው ነገር እውነት ነው፤ ይሁንና እኔ ወደ መምህሩ አደላለሁ። የኮልማን ጥናት ራሱ የትምህርት ቤት ጥራት ይበልጥ የሚጠቅመው ለተገፉት ልጆች መሆኑን አሳይቷል፤ በ1983 እ.ኤ.አ. ሄይነማንና ሎክስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች 29 አገሮችን አነጻጽረው ያሳተሙት ጥናትም አገሩ ድሃ በሆነ መጠን የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ድርሻ እንደሚጎላ አመልክቷል። አዳሪ ትምህርት ቤት ጎበዝ ልጅ መርጦ ብቻ አይተወውም፤ መብራት፣ እራት፣ ጸጥ ያለ ክፍልና ማታም የሚጠየቅ መምህር ይሰጠዋል። እነዚህን ደህና ኑሮ ያለው ወላጅ ለልጁ ያሟላለታል። እናቲቱ የዘረዘረችው ሁሉ፣ ክፍያውም ማስታወሱም፣ ትምህርት ቤት ሊሸከመው የሚችል ነው። ቤተሰብን መቀየር አይቻልም፤ የትምህርት ቤትን በር ግን እስከ ምሽት ክፍት ማድረግ ይቻላል። በሰፈራችን ያለው የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚዘጋው 11 ሰዓት ላይ ነው፤ በጠባብ ክፍል ከአምስት ታናናሾቹ ጋር የሚያድር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከዚያ ሰዓት በኋላ መጽሐፉን የሚዘረጋበት ቦታ የለውም።