ኳንተም ኮምፒውተር «ሁሉንም በአንዴ» አይሞክርም

ወንድሜ፣ ለጅማ ተማሪዎች ያዘጋጀኸው ማብራሪያ ይመቻል። አንዷ ነገር ግን ትታረም፤ «ኳንተም ኮምፒውተር ሁሉንም መልስ በአንዴ ሞክሮ ትክክለኛውን ያወጣል» ያልካት። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ልክ ግን አይደለም።

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ግሮቨር እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣውን የፍለጋ አልጎሪዝም (የስሌት ቅደም ተከተል) እንይ። አራት ጆንያ ቡና አለ እንበል፤ የምትፈልገው አንዱን ነው። ሁለት ኪዩቢት (የኳንተም ኮምፒውተር ትንሿ የመረጃ አሃድ) አራቱንም እኩል ይይዛሉ፤ የእያንዳንዱ አምፕሊቲውድ (በራሱ ሲባዛ ዕድሉን የሚሰጥ ቁጥር) 0.5 ነው። ያኔ ብትለካ የሚደርስህ በዕጣ ነው፣ 25 በመቶ። አልጎሪዝሙ መጀመሪያ የትክክለኛውን ወደ -0.5 ይገለብጣል። የአራቱ አማካይ 0.25 ይሆናል። ቀጥሎ ሁሉም በአማካዩ ዙሪያ ሲገለበጡ (በላዩ የነበረው በዚያው ርቀት ወደ ታች፣ በታቹ የነበረው ወደ ላይ ሲሄድ) ሦስቱ ዜሮ፣ የተፈለገው 1 ይሆናል። ሥራው ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ሁሉንም በመሞከር ሳይሆን የስህተቶቹን ዕድል አጥፍቶ የትክክለኛውን በማሳደግ። ጉዱ ደግሞ፣ አንድ ዙር ብትጨምር ዕድሉ ተመልሶ 25 በመቶ ይገባል!