የጀኔራሉ እንቁላል

ክርክሩ የተነሣው ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ቡና ቤት ነው። አንደኛው ተከራካሪ የድሮ የሆሊውድ ፊልም አምላኪ ነው፤ ሌላው በአሜሪካ ተጠባባቂ ጦር፣ በተለምዶ ሪዘርቭ በምንለው፣ 20 ዓመቱን ሞልቶ በሳጅንነት የወጣ ሰው።

«ተዋናዩን ጂሚ ስቲዋርትን የሚያህል ጀግና» አለ የፊልሙ ወዳጅ፣ «በ1957 እ.ኤ.አ. ጀኔራልነት ተከለከለ። በምን? ልምምድ ቀርተሃል ተብሎ! እንደ ተማሪ ስም ተጠርቶ፣ ቀሪ!»

ሳጅኑ ስኳሩን እያማሰለ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለ። የፊልሙ ወዳጅ ስለ ጀኔራል እንጂ ስለ ዶሮ እንዳልጠየቀ ነገረው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ስቲዋርት ኦስካር በተቀበለ በወሩ፣ በማርች 1941፣ ተራ ወታደር ሆኖ ገባ። መጀመሪያ ክብደትህ አልሞላም ተብሎ ተመልሶ ነበር። አብራሪነቱን ከሲቪል ይዞት ነው የመጣው። በ1943 መጨረሻ እንግሊዝ አገር ቲበናም ወርዶ ቢ-24 ቦምብ ጣዮችን የያዘ ስኳድሮን መራ፤ 20 የውጊያ በረራ ተቆጠረለት፤ በማርች 1945 ኮሎኔል ሆነ። ከተራ ወታደር እስከ ኮሎኔል አራት ዓመት! እዚህ ላይ ሳጅኑም ባርኔጣውን አንሥቷል።

«ታዲያ!» አለ የፊልሙ ወዳጅ። «የሱ እንቁላል ጀርመን ሰማይ ላይ በረረ እኮ!»

«በረረ፤ ኮሎኔልነቱን ፈለፈለ። ጀኔራልነቱ ሌላ እንቁላል ነው።»

ከዚህ በኋላ ያለው የሳጅኑ ትምህርት ነው፤ የዚያኛው ድርሻ «ጀግና እኮ ነው» እያሉ መደጋገም ብቻ ሆነ። ሪዘርቭ በነጥብ ይሄዳል። አንድ ልምምድ ቢያንስ 4 ሰዓት ነው፤ 1 ነጥብ ያስገኛል። በአንድ ቅዳሜና እሑድ አራት ልምምድ አለ፤ ወር በወር ሲመጡ በዓመት 48። የዓመቱ ሥልጠና በየቀኑ አንድ ነጥብ ነው፤ 15 ቀን ከሆነ 15። አባል በመሆን ብቻ የሚሰጠው ደግሞ ሌላ 15። ድምር 78። ዓመቱ ለጡረታ እንዲያዝ 50 ይበቃል። 49 ያገኘ ሰው ነጥቡ አይጠፋበትም፤ ዓመቱ ግን ይጠፋበታል። ብዙዎች የሚሸወዱት ዓመቱን ከጃንዋሪ ሲቆጥሩ ነው፤ የሚቆጠረው ከገቡበት ቀን ነው። ሌላው ጥፋት፣ የተገኙበት ልምምድ ሳይመዘገብ ሲቀር ዝም ማለት ነው። የዓመቱን የነጥብ መግለጫ ያላየ ሰው ከ15 ዓመት በኋላ ምስክር ፍለጋ ይዞራል።

ክፍያውስ? በቆየው ስሌት ጠቅላላው ነጥብ ለ360 ተካፍሎ በ2.5 በመቶ ይባዛል። 78 ነጥብ ለ20 ዓመት 1,560 ነው፤ ከመሠረታዊ ደመወዝ 11 በመቶ እንኳ አይሞላም። እሱም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ዕድሜ 60 ሲደፍን ነው። ሳጅኑ እዚህ ጋ «ቀስ በቀስ እንቁላል…» ሲል ቡና የምታቀርበው ልጅ «በእግሩ ይሄዳል» ብላ ጨረሰችለት።

ጀኔራልነት ግን ነጥብ ብቻ አይበቃውም፤ ለማዕረጉ የሚመጥን ቦታ መኖር አለበት፤ ፕሬዝዳንቱ ያጫል፤ ሴኔት ያጸድቃል። ስቲዋርትን ያጩት አይዘንሃወር ነበሩ። የሜይን ሴናተሯ ማርጋሬት ቼዝ ስሚዝ ተቃወሙ፤ የሴኔቱ ኮሚቴም ሹመቱን አልተቀበለም። ክርክራቸው ያለፈውን ጀግንነት የሚነካ አልነበረም። ክተት ቢታወጅ ሰውዬው የሚቀመጠው በስትራቴጂክ አየር ዕዝ የዘመቻ ምክትል ኃላፊነት ወንበር ላይ ነው፤ ኑክሌር የጫኑ ቢ-47 እና ቢ-52 ጄቶች ያሉበት ዕዝ ማለት ነው። ከጦርነቱ ወዲህ በሥልጠና ያሳለፋቸው ቀናት ለዚህ ይበቃሉ ወይ? ዋናው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ትክክለኛም ጥያቄ ነበር።

«ሴትዮዋ ቀንታ ነው!» አለ የፊልሙ ወዳጅ።

ሴትዮዋ ራሳቸው በአየር ኃይል ሪዘርቭ ሌተና ኮሎኔል ነበሩ። ልምምድ ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ አላነበቡትም። የፓርቲ ጠብ እንዳይባል አጪው፣ ታጪውና ተቃዋሚዋ ሦስቱም ሪፐብሊካን ነበሩ። የፊልሙ ወዳጅ ይህን ሲሰማ ስልኩን አወጣና አንድ ትዕይንት ሊያሳየን ሞከረ።

በ1959 ስቲዋርት እንደገና ታጨ። በዚህኛው ዙር የክተት ምደባው ተቀይሮ ወደ ማስታወቂያና መረጃ ሥራ ሆኗል፤ ሰውዬው በደንብ ወደሚችለው። ሴኔት አጸደቀ፤ በጁላይ ብርጋዴር ጀኔራል ሆነ። በፌብሩዋሪ 1966፣ በ57 ዓመቱ፣ በቢ-52 ውስጥ በታዛቢነት ተቀምጦ ቬትናም ላይ በረረ። በ1968 ዕድሜው 60 ሲሞላ፣ ከ27 ዓመት አገልግሎት በኋላ ጡረታ ወጣ። እንቁላሉ በእግሩ ሄዷል፤ ሁለት ዓመት መዘግየቱ ኮከቡን አከበረው እንጂ አላዋረደውም።

እኔን ያናደደኝ ግን የፊልሙ ወዳጅ የመጨረሻ ቃል ነው፦ «ታዋቂ ሰው እንዴት ወረፋ ይጠብቃል?» የዘመናችን በሽታ ይኸው ነው። ሦስት ስብሰባ ያልመራ «ክቡር ፕሬዝዳንት» ይባላል፤ የክብር ዶክትሬት በተሰጠ በሳምንቱ «ክብር» የምትለዋ ቃል ወድቃ «ዶክተር» ብቻዋን ትቀራለች። የዕድር መዋጮ አራት ወር ያልከፈለ ሰው የዕድሩን ሊቀመንበር ወንበር ይጠይቃል፤ መዝገቡ ይውጣ ሲባል እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። የሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይ እንኳ ከሙሽሮቹ ስም የአጎቶቹ ማዕረግ ይረዝማል። ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሰኝ ለሳጅኑ ፎቶ አንሥቼ እልክለታለሁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ስንት ነጥብ ሞላ?»