አራት እግር የተቀጠለለት በርጩማ

መጀመሪያ ያናደደኝ ፖስተሩ ነው። በከተማችን ሊካሄድ ስለታሰበው የወጣቶች የፈጠራ ውድድር የወጣውን ማለቴ ነው፤ በየቴሌግራሙ ሲዞር ስለሰነበተ አላየሁትም የሚል የጅማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከኋላ አረንጓዴ ተራራ፣ መሀል ላይ እንፋሎቱ የሚትጎለጎል ጀበና፣ ከጎኑ የጅማ በርጩማ፣ ከላይ ደግሞ ሰማያዊ ሽቦ የሚመስል የ«ቴክኖሎጂ» ጌጥ። ባጃጅ ውስጥ ሆኖ በጨረፍታ ለሚያየው ያምራል። እኔ ግን መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ጀበናው ሁለት ጡት አለው፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ። በርጩማው አራት እግር አለው።

በጅማ! አራት እግር ያለው የጅማ በርጩማ!

ሥዕሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። ማሽኑን አልወቅስም፤ ማሽን የሚማረው ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ከከመሩት ፎቶ ነው፣ በዚያ ክምር ውስጥ የእኛ በርጩማ ጥቂት ነው፣ የፈረንጅ ወንበር ግን ሞልቷል። ስለዚህ በሦስት እግር በሚቆመው በርጩማችን ላይ የጎደለ የመሰለውን አራተኛ እግር ቀጠለለት። እኔን ያበገነኝ ከማሽኑ እስከ ቴሌግራም ባለው መንገድ ላይ ስንት ዓይን አይቶ «ይሁን፣ ይለቀቅ» እንዳለ ሳስብ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች አንዱ እንኳ አያቱ ቤት በርጩማ ላይ አልተቀመጠም?

ይህንንም በሳቅ አልፈው ነበር፣ የማስጀመሪያው ስብሰባ ላይ ባልገኝ ኖሮ። ከላይ የመጡት እንግዳ ስለ «ኢኖቬሽን» ለአንድ ሰዓት ያህል ካወሩ በኋላ የውድድሩ መስፈርት ተነበበ፤ መተግበሪያ፣ ድረ ገጽ ወይም ሶፍትዌር ያልሆነ አይመዘገብም። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት በያጅ እጁን አወጣ። በእጅ የሚዞር የቡና መፈልፈያ እንደሠራ፣ ክብደቱን ቀንሶ ሴቶች ብቻቸውን ተሸክመው ከጓሮ ጓሮ እንዲያዞሩት እንዳደረገ ተናገረና መወዳደር ይችል እንደሆን ጠየቀ። እንግዳው ፈገግ ብለው «መተግበሪያ ካለው» አሉት። አዳራሹ ሳቀ። ልጁ ተቀመጠ።

ቀጥሎ አንዲት መምህርት ስለ እንጨት ሠሪዎቻችን ስታነሣ እንግዳው የተናገሩትን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፤ «በርጩማ ባህል ነው። ባህል ይጠበቃል እንጂ አይፈጠርም። ፈጠራ ማለት ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር ነው።»

እስቲ ይህችን ዓረፍተ ነገር እናገላብጣት። ባህል የማይፈጠር ከሆነ በርጩማው ከየት መጣ? ከሰማይ ዝናብ ጋር ወረደ? ከዋንዛው ሥር እንደ እንጉዳይ በቀለ? አንድ ቀን አንድ ሰው ግንድ ፊት ቆሞ አሰበ፤ ከዚህ ውስጥ የሚቀመጡበት ነገር አለ ብሎ ቆረጠ፤ አበላሸ፣ ደገመ። ከእሱ በፊት አልነበረም፣ ከእሱ በኋላ ነበረ። በእንግዳው በራሳቸው ትርጉም ፈጠራ ማለት ይኸው ነው። የፈጠረው ሰው ስሙን ስላልጻፈና ሽልማት ላይ ቆሞ ፎቶ ስላልተነሣ ነው እንግዲህ ሥራው ከፈጠራ መዝገብ ተፍቆ «ባህል» የሚባል ዕቃ ቤት የተወረወረው።

እኔ 31 ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ የበርጩማውን ነገር በቀላሉ አልለቅም። አንባቢ ይታገሰኝ።

በአንድ መስመር ላይ ያልዋሉ ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም አንድ ጠለል (አንድ ዝርግ ገጽ) ላይ ያርፋሉ። አራተኛ ነጥብ ስትጨምር ይህ ዋስትና ይቀራል። ይህን ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች በጠመኔ ሳስረዳ ግማሾቹ ያዛጉ ነበር፤ በርጩማ ይዤ ስገባ ግን ሁሉም ይነቃል። ሦስት እግር ያለው ነገር መሬቱ ጎርበጥባጣ ቢሆን፣ ተዳፋት ቢሆን፣ አንዱ እግር ከሌላው ጣት ቢያጥር እንኳ ሦስቱም እግሮቹ መሬት ይነካሉ። ትንሽ ያዘነብል ይሆናል እንጂ አይንገዳገድም። አራት እግር ያለው ወለሉ ሊሾ ካልሆነ፣ እግሮቹም ልክ በልክ ካልተቆረጡ በስተቀር አንዱ እግሩ አየር ላይ ይቀራል። የቀያሽ መሣሪያ በሦስት እግር የሚቆመው፣ የካሜራ ማቆሚያ ሦስት እግር ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። እናቶቻችንም ጂኦሜትሪ ሳይማሩ ድስት የሚጥዱት በሦስት ጉልቻ ነው። አራት ጉልቻ የተባለ ትዳር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሙሉ ቤተሰብ፣ ሙሉ ኑሮ በሦስት ድንጋይ የተመሰለው ሦስት ድንጋይ ድስት እንደማያንገዳግድ ስለታወቀ ነው ብዬ አምናለሁ። ማስረጃ አምጣ የሚለኝ ካለ አራት ድንጋይ ለቅሞ ጓሮው ውስጥ ሽሮ ይጣድበት።

(በነገራችን ላይ፣ በዚያ ስብሰባ የእንግዳው ጠረጴዛ አራት እግር ነበረው፤ በተደገፉት ቁጥር ቋ ቋ ይል ስለነበር አስተናጋጇ የፕሮግራሙን ወረቀት አጥፋ ከአንዱ እግር ሥር ስትወትፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለ ፈጠራ የተሰበከው በታጠፈ ወረቀት ላይ ቆሞ ነው።)

ከስብሰባው በማግስቱ ሆን ብዬ አንድ ሽማግሌ ጠራቢ ጋ ሄድኩ። ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያልተጨረሰ በርጩማ በሁለት እግራቸው ጨብጠው ውስጡን በመሮ ይፈለፍላሉ።

«አባ፣ ለምንድን ነው ሦስት እግር?» አልኳቸው፣ መልሱን የማላውቅ መስዬ።

«ልጄ፣ የአንተ ቤት ሊሾ ነው። የእኛ ቤት አፈር ነው። ሦስት እግር መሬቱን ራሱ ይፈልጋል፤ አራተኛው ጠብ ይፈልጋል።»

«ሦስት እግር ግን ዳር ላይ ሲቀመጡበት አይገለብጥም?»

ይህቺ ጥያቄ ደስ አለቻቸው። በርጩማውን ገልብጠው እግሮቹን አሳዩኝ። ቀጥ ብለው አይወርዱም፤ ወደ ውጭ ከፈት ብለው ነው የሚወጡት፣ ጫፋቸው ከመቀመጫው ክብ እኩል ሊደርስ ምንም አይቀረው። መቀመጫው ደግሞ መሀሉ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ሰው ዳር ላይ ልቀመጥ ቢል እንኳ ገላው ራሱ ወደ መሀል ይንሸራተታል። ሽማግሌው ይህን «የክብደት መሀል» አላሉትም። «ሰውየውን ወደ እምብርቱ ይጠራዋል» ነው ያሉት። በ31 ዓመት ማስተማር ከዚህ የተሻለ አገላለጽ አላገኘሁም።

ሌላም አለ። ነገሩ በሙሉ ከአንድ ግንድ የወጣ ነው፤ ሚስማር የለ፣ ሙጫ የለ፣ መገጣጠሚያ የለ። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ክረምት እንጨት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል፤ ከሱቅ የገዛነው በሙጫ የተለጠፈ ወንበር ሁለት ዓመት ሳይሞላው እግሩ ይወላልቃል። መገጣጠሚያ የሌለው ነገር ግን ከምኑ ይላቀቃል? የሚያሰጋው መሰንጠቅ ነው፤ ለእሱም ሽማግሌው መላ አላቸው። የግንዱን እምብርት ከሥራው ያስወጣሉ፣ ግማሽ ድረስ የጠረቡትን ደግሞ ጥላ ውስጥ በራሱ ፍቅፋቂ ቀብረው ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይተዉታል። ፀሐይ ላይ ያስቀመጠ ተማሪያቸው አንድ ጊዜ ሦስት በርጩማ በአንድ ቀን እንዳሰነጠቀ እየሳቁ ነገሩኝ። ቁሳቁስ ማወቅ፣ መሞከር፣ መክሸፍ፣ ማስተካከል። ይህን ወጣት ላፕቶፕ ይዞ ቢያደርገው ስንት ዓይነት የእንግሊዝኛ ስም ይወጣለት ነበር!

«ጠራቢዎች ያው አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚደግሙት» የሚሉ አሉ። ስልክ አምራቾችስ? በየዓመቱ ያንኑ ጥቁር ጡብ አንድ ካሜራ ጨምረው ሲያወጡ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያጨበጭብላቸው የለም?

ሕጉ እንኳ ከእንግዳው ይበልጣል። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ፈጠራን፣ አነስተኛ ፈጠራንና ኢንዱስትሪያዊ ንድፍን ለየብቻ አስቀምጦ ለሦስቱም ጥበቃ ይሰጣል። የሠላሳ ዓመት ዕድሜ ያለው አዋጅ ትንሽ ማሻሻያም ፈጠራ ነው፣ የዕቃ ቅርጽም ዋጋ አለው ብሏል። የዚያ በያጅ ልጅ መፈልፈያ ለአነስተኛ ፈጠራ የተጻፈችው ክፍል የምታስበው ዓይነት ሰው ሥራ ነው። ከአያት የተወረሰ በርጩማ «አዲስ» ተብሎ ላይመዘገብ ይችላል፤ ይህን እሺ። ነገ አንዱ ጠራቢ ለታመመ ጉልበት ከፍ ያለ፣ መደገፊያ ያለው አዲስ ቅርጽ ቢያወጣ ግን? «መተግበሪያ ካለው።»

ከከተማው ብዙም ሳንርቅ መልኮ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቢዲ የሚሉት የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ መታየቱ ሲታወቅ ተመራማሪዎች የሄዱት ወደ ጫካና ወደ ገበሬው ጓሮ ነው፤ በሽታው በዙሪያቸው ያለውን ሲያጠቁረው ያልተነኩትን ዛፎች ለቅመው፣ ዘር ወስደው፣ ፈትነው። ዛሬ ገበሬው እንደ ልጁ ስም የሚጠራቸው 74110፣ 74112 የሚባሉት ዝርያዎች እንዲያ የተገኙ ናቸው፤ ፊት ያለችው 74 የተመረጡበት የፈረንጅ ዓመት ናት። ለብዙ ቤት እንጀራ የሆነች ግኝት ስሟ ቁጥር ብቻ። ዛሬ ብትወዳደር ለመመዝገብ እንኳ አትበቃም።

ስለ ስም ካነሣን አይቀር፣ የንድፍ ጉዳይ የቅንጦት ወሬ ለሚመስለው ሰው አንድ የሚያምም ነገር ልንገረው። ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚባሉት የቡና ስሞች የንግድ ምልክት እንዲሆኑ መንግሥት ተከራክሮ እ.ኤ.አ. በ2007 ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደረሰ። ስም ገንዘብ መሆኑን ያኔ ዓለም አየው። የእኛ ስምስ? በቡና ነጋዴ ወረቀት ላይ ዓለም የሚያውቀን «ጅማ 5» በሚል ነው፣ ደረጃ 5። በርካሽ ቡና ውስጥ የሚደባለቅ ጆንያ ስማችንን ተሸክሞ ባሕር ሲሻገር ኖሯል። እዚህ ላይ ንድፍ የሚያውቅ፣ ቅርጽ የሚያውቅ፣ ታሪክ በአንድ ምልክት መናገር የሚችል ወጣት ያስፈልገን ነበር። ምልክቱም ከዓይናችን ሥር ነው፤ ባለ ሦስት እግር።

ኮድ መማር አልቃወምም። ልጄ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና ወስዳ ሰርተፊኬቷን ግድግዳ ላይ ሰቅላለች፤ እሰየው ብያለሁ። ግን የሚኮድ ነገር ከየት ሊመጣ ነው? ልኩን የሚያውቅ፣ ለምን እንደተሠራ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ልጄ የምትሠራው ሦስት አቅጣጫ የሚያሳይ ቆንጆ ሶፍትዌርም አራት እግር ያለው በርጩማ ያወጣልናል፣ እኛም እናጨበጭባለን። ያለንን በልኩና በምክንያቱ ፎቶ አንስተን፣ ስለን፣ ለክተን ብናስቀምጥ ማሽኑም በተማረ ነበር። ይህን ሥራ ለውድድር ቢያቀርቡልኝ አንደኛ እሸልም ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኛ ነው።

ደግሞ በየዓመቱ የውድድሩ ስም ይቀያየራል፤ አንድ ጊዜ «ብሩህ»፣ አንድ ጊዜ «ስማርት»፣ አንድ ጊዜ «ዲጂታል»። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም።

ምዝገባው እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍት ነው ስለተባለ ሽማግሌውን ልመዝግባቸው ብዬ ቅጹን በስልኬ ከፈትኩ። ያለ ኮከብ የተቀመጠ ጥያቄ የለውም፣ ሁሉም ግዴታ ነው። የመተግበሪያው ስም፤ በርጩማ አልኩ። የተጻፈበት ቋንቋ፤ ኦሮምኛ አልኩ። መጨረሻ የታደሰበት ቀን፤ ደውዬ ጠየቅኳቸው፣ «ትናንት አንዱን ጨረስኩ» አሉኝ፣ እሱን አስገባሁ። የተጠቃሚዎች ብዛት የሚለው ጋ ስደርስ ትንሽ አሰብኩና «የተቀመጠ ሁሉ» ብዬ ጻፍኩ። ቀይ ጽሑፍ መጣ፤ እባክዎ ቁጥር ያስገቡ።