የጎልማሳ አንቀልባ

ሀይቅ ከተማ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ሁለት ወፋፍራም ባሕር ዛፎች አሉ። ዓመቱን ሙሉ ደሴ ስባክን ከርሜ የተመኘሁት አንድ ነገር ነው፦ እነሱ መሀል ሀሞክ የሚሉትን ተንጠልጣይ የጨርቅ አልጋ ሰቅዬ፣ ስልኬን አጥፍቼ፣ ማንም ሳያናግረኝ ለሽ ማለት። እንግዲህ ወሎ ውስጥ፣ ያውም እናቴ ግቢ፣ ማንም ሳያናግረኝ! ሞኝነቴ ከዚህ ይጀምራል።

አሠራሩን ዩቲዩብ ላይ አየሁት፣ ቀላል ነው። ሦስት ሜትር ጠንካራ ናይለን ትገዛለህ፣ ሁለቱን ጫፍ እንደ ቁምጣ ወገብ አጥፈህ ታሰፋለህ፣ በዚያ ገመድ አሳልፈህ ጨርቁን ሰብሰብ አድርገህ ታስራለህ። በቃ። ደሴ ፒያሳ አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ወሰድኩት።

«መጋረጃ ነው?»

«አይ፣ የምተኛበት ነው። ዛፍ ላይ ይታሰራል።»

መኪናቸውን አቆሙና በመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «አልጋህን ምን ነካው?»

ግቢ ውስጥ ስሰቅለው ደግሞ ጎረቤታችን እማማ በአጥር በኩል አይተው ደነገጡ። ቃሬዛ መስሏቸዋል። «ማን ታመመ? አላህ አፊያ ያድርገው!» ማንም እንዳልታመመ፣ እኔ ልተኛበት እንደሆነ አስረዳሁ። ዙሪያውን አዩት፣ በጣታቸው ነካ አደረጉት። «አንቀልባ ነዋ! ምነው፣ እናትህ አዝላህ አልጠገብክም?»

ኮሎምበስ በ1492 ባሃማስ ሲደርስ ሰዎች እንደ መረብ በተሠራ የጥጥ አልጋ ተንጠልጥለው ሲተኙ አይቷል፣ ስሙም የመጣው ከነሱው ቋንቋ ነው ብዬ ልከራከር አሰብኩ። ተውኩት። እማማን በኮሎምበስ አትረታቸውም።

ጥፋቴ ማሰሩ ላይ ነው። እንዳይረግብ ብዬ ገመዱን እንደ ክራር ጅማት ወጠርኩት። ለካ ገመድ በወጠርከው ቁጥር ጭነቱ ይብሳል። እኔ 70 ኪሎ ነኝ። ገመዱ ከአግድም 30 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ካዘነበለ እያንዳንዱ ጎን የሚይዘው 70 ኪሎ ነው፣ 10 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ግን ሁለት ኩንታል! ያ የልብስ ማስጫ ገመድ ሁለት ኩንታል የት አውቆ? ጧ አለ። እኔም መሬት ላይ በወገቤ።

«ሀሞክ ጣለው» ተብሎ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ማታ ሊጠይቁኝ ከመጡት አንዱ ሽማግሌ ቆሎ እየቆረጠሙ «በቅሎዋን ከማን ገዛሃት?» አሉኝ።

ሲሻለኝ እንደገና ሰቀልኩት። አሁን የጭነት መኪና ማሰሪያ፣ ሰፊውን ቀበቶ ነው የተጠቀምኩት፣ የዛፉንም ልጥ አይቆርጥም። ረገብ አድርጌ አሰርኩ። እንደ ሙዝ እንዳልጎብጥ ሰያፍ ተኛሁ። ምን ልበላችሁ፣ ጀርባዬን ከሥር ከሚልሰኝ ነፋስ በቀር ገነት ነው። ለአስር ደቂቃ። ከዚያ እናቴ ቡና አፈላች፣ ጎረቤት ተጠራ፣ ረከቦቱም ቄጠማውም ዛፎቹ ሥር መጣ። «ሰው ቁጭ ብሎ አንተ ትተኛለህ?» ተባልኩና ተነሳሁ። እማማ «እስቲ ልሞክራት» ብለው ጫማቸውን አውልቀው ገቡበት።

አቦል እዚያው ሆነው ጠጡ። ቶናም እዚያው። ለበረካ ሲኒያቸውን ሳቀብላቸው ዓይናቸውን እንኳ አልገለጡም።

«ያዘው ይቀዝቅዝ፣ ልጄ» አሉኝ። «ይልቅ ትንሽ ወዝውዘኝ።»