ለቅሶ ቤት የተከፈተው ካልኩሌተር

በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ ወገኖቼ፤ ይህን የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ይቅር ማለት ስላቃተኝ ነው። ይቅር ማለት ያቃተኝ ደግሞ ድርጊቱን የፈጸመውን ሰው ብቻ አይደለም፤ ሲፈጽም አይተን ዝም ያልነውንም ጭምር ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ በሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የታክሲ ሾፌር ወንድማችን በድንገት አረፈ። በሰልስቱ ዕለት ቤቱ ሞልቶ፣ ባለቤቱ ጥቁር ለብሳ ከለቀስተኛው መካከል ተቀምጣ ሳለች፣ ብዙዎቻችን የምናውቀው ኢንሹራንስ የሚሸጥ ሰው መጥቶ አጠገቧ ቁጭ አለ። መጀመሪያ አጽናናት። ሟቹ የገባው የሕይወት ኢንሹራንስ አንድ መቶ ሺህ ዶላር እንደሚያስገኝላት ከዘመድ ሰምቶ ኖሮ፣ ጥቂት ቆይቶ ስልኩን አወጣና የጡረታ ካልኩሌተር ከፈተ። ገንዘብ በሚለው ቦታ 100,000 ጻፈ፤ በዓመታዊ ትርፍ ቦታ 12 በመቶ፣ በዓመት ቦታ 20። የዋጋ ንረት የሚለውን ዜሮ እንደሆነ ተወው። ከዚያም ስልኩን ወደ እርሷ አዞረላት፤ 964,629 ዶላር ይላል። «እህቴ፣ የጡረታሽ ነገር አለቀ ማለት ነው፤ ከእንግዲህ ልጅሽን ማሳደግ ብቻ ነው» አላት።

አጠገቧ የነበሩ አንዲት እናት «የሙት ልጅን እግዚአብሔር አይጥልም» ብለው አመሰገኑ። በዚያ ሳሎን ውስጥ የባንክ ሠራተኛ ነበረ፤ የሂሳብ ባለሙያ ነበረ፤ እዚሁ ተወልደው ፋይናንስ የተማሩ ልጆች ለእንግዳው ሻይ ያቀርቡ ነበር። በየዓመቱ ሳያጓድል 12 በመቶ ለ20 ዓመት የሚከፍል፣ ዋስትና ያለው ቦታ በዚህ አገር እንደሌለ ከመካከላቸው የማያውቅ አልነበረም። አንድ ሰው እንኳ «ይህን 12 ከየት አመጣኸው?» ብሎ አልጠየቀም። በዚያው ስልክ ላይ 12ቱ በ5 ቢተካ ኖሮ የሚወጣው ቁጥር 265,330 ነበር፤ የዋጋ ንረት በዓመት 3 በመቶ ተብሎ ቢሞላ ደግሞ ያ ገንዘብ የሚገዛው ዛሬ 147,000 ዶላር ያህል የሚገዛውን ነው። ይህን ለማሳየት አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ወር ሳይሞላ ፈረመች። የፈረመችው ውል ትርፉ ከአክሲዮን ገበያ ጋር የተያያዘ ሆኖ ጣሪያ የተበጀለት፣ ገንዘቡም ለዓመታት የሚታሰር ነበር። የቤቱ ማሞቂያ ተበላሽቶ፣ የሞርጌጅ ክፍያም ተጠራቅሞባት ገንዘቧን ስትጠይቅ፣ ከተፈቀደው መጠን በላይ ለምታወጣው ከመቶ ዘጠኝ እንደሚቆረጥባት ተነገራት። ያ ሰው በዚያ ጊዜ ስልክ አላነሳላትም።

እኔን ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ሟቹ በራሱ የሚሠራ ሾፌር ስለነበረ፣ የሶሻል ሴኩሪቲን (የመንግሥት ጡረታ) እና የሜዲኬርን (የአረጋውያን የሕክምና መድን) ግብር፣ የአሠሪውንም የሠራተኛውንም ድርሻ ችሎ፣ 15.3 በመቶ እየከፈለ ነው የኖረው። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጁ የአባቱን ጡረታ እስከ 75 በመቶ በየወሩ የማግኘት መብት አለው። ይህ ገንዘብ ካልተመለከተ አይመጣም፤ ዘግይቶ ላመለከተም ወደ ኋላ ተመልሶ የሚከፈለው ቢበዛ የስድስት ወር ብቻ ነው። ልጁ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እናቱ ይህን የሰማችው ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ ከልጇ ትምህርት ቤት አማካሪ፣ ከባዕድ ሰው ነው። ያን ሁሉ ቀን ንፍሮ ይዘን ስንመላለስ፣ አባቱ በላቡ ያስቀመጠለትን እንድትጠይቅ የነገራት ወገን አልነበረም።

ለምን ዝም አልን? ከፊላችን በይሉኝታ፤ ከፊላችን «የሰው እንጀራ አልዘጋም» ብለን። የእርሱ እንጀራ እንዳይዘጋ የሙት ልጅ እንጀራ ተዘጋ። ይህ ጨዋነት ተብሎ ሊጠራ አይገባውም፤ እኔም ከዚህ ወቀሳ ነፃ አይደለሁም።

ደግሞም ያ ሰው ለእርሷ የጻፈውን ቁጥር እኛም ለራሳችን እንጽፋለን። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ በተገኘባቸው 35 ዓመታት ነው፤ በ40 ዓመቱ መጥቶ እስከ 67 የሠራ ሰው ስምንት ዓመቱ ዜሮ ሆኖ ይቆጠርበታል። ይህን እያወቅን በጥሬ ገንዘብ የተቀበልነውን ገቢ ከግብር እንሸሽጋለን፤ የሸሸግነው ግን ከገዛ እርጅናችን ላይ ነው። በወር ወደ ደሴ ወይም ወደ ጎንደር ለእናት የምንልከውን የሚጠይቅ ሳጥን ካልኩሌተሩ ስለሌለው፣ እኛም ሳንቆጥረው እናልፋለን። በ1960 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ ሰው በ62 ዓመቱ ጡረታ ቢጠይቅ ክፍያው 30 በመቶ እንደሚቀንስና ቅናሹ ዕድሜ ልኩን እንደሚከተለው እንኳ ሳንጠያየቅ፣ ምኞታችንን ጽፈን ምኞታችንን እናነባለን።

ካልኩሌተር አትጠቀሙ አልልም፤ ተጠቀሙ። ነገር ግን አስቀድማችሁ በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ላይ የራሳችሁን ገጽ ከፍታችሁ በስማችሁ የተመዘገበውን ገቢ ዓመት በዓመት ተመልከቱ። ትርፉን ዝቅ፣ የዋጋ ንረቱን ከፍ አድርጋችሁ ደግማችሁ ሞክሩት። ሌላ ሰው ሞልቶ ሲያሳያችሁ ደግሞ ስልኩን ተቀብላችሁ እያንዳንዱን ቁጥር ከየት እንዳመጣው ጠይቁት፤ እውነተኛ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም።

እናንተ ፋይናንስ የተማራችሁ ልጆቻችን፣ በቀጣዩ ለቅሶ ላይ ሻዩን ሌላ ሰው ያቅርበው። እናንተ ሐዘንተኛዋ አጠገብ ተቀመጡ፤ «ዛሬ ምንም እንዳትፈርሚ» በሏት፤ የልጆቿን ማመልከቻ ለማስገባት ቀጠሮ ያዙላት። በእድራችን ስብሰባ ይህንኑ ባቀረብኩ ጊዜ አብዛኛው ሰው ሰዓቱን ያይ ነበር። ሲያበቃ ግን ሁለት ወጣቶች ቀርበው ስልክ ቁጥራቸውን ሰጡኝ፤ የሚያስፈልገን በየእድሩ ሁለት ሁለት ነው፤ ከሰለቸው ተስፋዬ የተረፈኝን እነርሱ ላይ ጥያለሁ።