«ጠላት ተደመሰሰ»፦ የጦር ሜዳ ትዝታና ወንድነት

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ በ1983 ዓ.ም. ያበቃውን የእርስ በርስ ጦርነት የሚተርኩ የወታደሮች ትዝታዎች ወንድነትን በመግደል ይለካሉ።

መምህርቷ፦ በሰሜን ግንባር የተሰለፉ ሰዎች የጻፏቸውን ትዝታዎች ሳነብ የሚያስጨንቀኝ የግሱ አረባብ ነው። ጸሐፊው ሲራብ፣ ሲቆስል፣ ጓዱን ተሸክሞ ሲወጣ «እኔ» ይላል፤ የሰው ነፍስ የሚጠፋበት ገጽ ላይ ሲደርስ ግን «ጠላት ተደመሰሰ» ብሎ ያልፋል። ገዳዩ ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል፣ ጀግንነቱ ይቀራል። ፍርሃቱን የጻፈ ወታደርም አላጋጠመኝም።

መቶ አለቃው፦ አላጋጠመዎትም ማለት የለም ማለት አይደለም። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ጢም ያላበቀሉ ልጆች ወደ ምሽጌ መጥተው ሌሊት እናታቸውን ሲጣሩ ሰምቻለሁ፤ እኔም ፈርቻለሁ፣ ይኸው ጻፍኩት። «ተደመሰሰ» የምንለው በሬዲዮ ሪፖርት ስናደርግ የለመድነው ቃል ስለሆነ ነው። ጦርነት የወንድ ልጅ ጉዳይ ነው፣ እህቴ፤ ከዳር ቆሞ ግስ ማረም አይከብድም።

መምህርቷ፦ «የወንድ ልጅ ጉዳይ» አሉ? መጋቢት 1980 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ አፍአበት ላይ የደርግን ጦር ናደው ዕዝን የሰበረው የሻዕቢያ ሠራዊት ሲሶ ገደማው ሴት እንደነበረ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። እነዚያ ታጋዮች በትዝታዎቻችሁ ውስጥ የት ገቡ? በፉከራችን ገዳይ የሚወደሰው የወንድ ገዳይ ሲሆን ነው፤ ሴት መግደል ለፉከራ ስለማይመች ሬሳቸው «ተደመሰሰ» በሚለው ቃል ተሸፍኖ ቀርቷል።

መቶ አለቃው፦ አንዲት ቃሌን ይዘው ሲጎትቱ ዋናው ነገር አመለጠዎት። እነዚህን ትዝታዎች ከጻፉት ውስጥ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን መለዮውን ጥሎ በባዶ እግሩ የተጓዘ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እጁን የዘረጋ ሰው አለ። የተነጠቀውን ክብር በወረቀት ላይ ቢያስመልስ ማን ይጎዳል?

መምህርቷ፦ የሚያነበው ልጅ ይጎዳል። ደግሞም የጠየቅሁት ስለ ሴቶቹ ነበር፤ አልመለሱልኝም።

መቶ አለቃው፦ «እህቴ» ማለቴ ካስከፋዎት እተወዋለሁ። እጁን የዘረጋው ሰው ግን እኔ ነበርኩ፤ ለልጄ ከዚያ ደጅ የማስቀድመውን ገጽ እርስዎ አይመርጡልኝም።