ልጆቹ ስንተኛ ክፍል ደረሱ?

ሀበሻ ሆኖ ካቶሊክ መሆን በራሱ ማብራሪያ ይፈልጋል። በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝብ ቆጠራ ከመቶ 0.7 ነን፣ አንድ እንኳን አልሞላንም። በዛ ላይ ልጆችህን ቤት የምታስተምር ከሆነ በቃ፣ ሜሪላንድ ለቅሶ ቤት ቁጭ ብለህ «ልጆቹ ስንተኛ ክፍል ደረሱ?» የሚል ሰው ከመጣ ቡናህን ጨልጠህ መነሳት ነው የሚያዋጣህ። ሆምስኩል ነን ስትላቸው መጀመሪያ የሚመጣላቸው ልጁ ተባሮ ነው የሚለው ነው። ቀጥሎ «ትምህርቱ በነፃ፣ አውቶቡሱ በር ድረስ እየመጣ፣ ምን ጎድሎባችሁ ነው?» ይመጣል። አንዱማ ጠጋ ብሎ ድምፁን ቀንሶ «ወረቀት የላችሁም እንዴ?» አለኝ፣ ጎበዝ ጠበቃ ሊጠቁመኝ ነበር መሰለኝ።

ነገሩ ደግሞ ሀገር ቤት ካቶሊክ ማለት እኮ ትምህርት ቤት ማለት ነው። ቅዳሴያችንን አይቶ የማያውቅ ሰው ናዝሬት ስኩልን ያውቃል፣ ሴንት ጆሴፍን ያውቃል፣ ልደታ ካቴድራልን ያውቃል፣ ልጁን ለማስገባት ያላስቸገረው ዘመድ የለም። አሜሪካ ስትመጣ ግን ከካቶሊኮቹ መሃል ዋነኞቹ፣ ማለቴ ቅዳሜ ንስሐ ገብተው እሁድ ፊት ወንበር የሚቀመጡት፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የማይልኩት ናቸው። እኛ ለቅሶ ቤት የምንደብቀው ነገር እዚህ ማዕረግ ሆኖ ጠበቀን።

ሆምስኩለሮቹን በመኪናቸው ነው የምትለያቸው። አስራ ሁለት ሰው የሚጭን ቫን መጥቶ ይቆማል፣ ልክ እንደ መገናኛ ሚኒባስ በሩ ሲከፈት መውረዱ አያልቅም፣ ረዳቱ ብቻ ነው የሚቀረው። ትልቋ ትንሹን ታዝላለች፣ ትንሹ ጫማውን መኪና ውስጥ ረስቷል፣ እናትየው ደግሞ ሰባት ልጅ ወልዳ እንደኔ ሚስት አይደክማትም። አንዷ ስንት ልጅ እንዳለን ጠየቀችን። ሁለት አልናት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እንፀልይላችኋለን» አለችን። ሀበሻ ሰፈር በሁለት ልጅ ብልጥ ነው የምትባለው፣ እዚህ ሐዘንተኛ ሆንን።

ከቅዳሴ በኋላ ምድር ቤት ቡናና ዶናት አለ፣ እውነተኛው ጉባኤ ያን ጊዜ ነው የሚጀመረው። «ሒሳብ የቱን ነው የምትጠቀሙት?» ይሉሃል። ሳክሰንና ሲንጋፖር የሚባሉ የሒሳብ መማሪያዎች አሉ። ሳክሰን ካልክ ሲንጋፖሮቹ ፊታቸው ይቀየራል፣ ሲንጋፖር ካልክ ሳክሰኖቹ ዶናታቸውን ይዘው ዞር ይላሉ። በ451 እ.ኤ.አ. ቤተ ክርስቲያንን ለሁለት ከከፈለው ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ እንዲህ ያለ መለያየት የተፈጠረ አይመስለኝም፣ የዛኛውን ጣጣ እንኳን እኛ ሀበሾቹ እስከ ዛሬ እየከፈልን ነው።

የቅዱሳን ሁሉ በዓል ሲደርስ ልጆቹ እንደ ቅዱስ ለብሰው ይመጣሉ፣ ሌላው ማን እንደሆኑ ይገምታል። አስር ፍራንቸስኮ፣ አስራ ምናምን ማርያም። የኔው ልጅ ነጠላውን ተከናንቦ እጁን በፕላስቲክ ሰንሰለት አስሮ ገባ፣ አቡነ ገብረ ሚካኤልን ሆኖ፣ በ1855 እ.ኤ.አ. በሃይማኖታቸው ምክንያት እስር ላይ ያረፉትን። ሮም በ1926 እ.ኤ.አ. ብፁዕ ብላቸዋለች። አዳራሹ በሙሉ ባንድ ድምፅ ምን ቢል ጥሩ ነው? ከሰብአ ሰገል አንዱ! ሰንሰለቱ ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም፣ ወርቅ የመጣበት መስሏቸው ይሆናል።

ከወራት በኋላ አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ነበርና ዐቢይ ጾምን እዚሁ ከኛ ጋር ያዙ። ስለ ጾሙ ሕግ ገና ስነግራቸው ነው ነገሩ የተበላሸው። እዚህ ከአመድ ረቡዕና ከስቅለት በቀር ሙሉ ጾም የለም፣ አርብ አርብ ስጋ መተው ነው፣ ሙሉ ጾሙም ቢሆን ከ18 እስከ 59 አመት ላለ ሰው ነው፣ እርስዎ አልፎብዎታል አልኳቸው። «ከ59 በኋላ በምን ልጸድቅ ነው ታዲያ?» አሉኝ። መልስ የለኝም።

አርብ ማታ የዓሳ እራት ወሰድናቸው። ናይትስ ኦፍ ኮሎምበስ የሚባለው የካቶሊክ ወንዶች ማኅበር ሽማግሌዎች ሽርጥ አድርገው ዓሳ ይጠብሳሉ፣ ጎኑ ላይ በቺዝ የተጥለቀለቀ ማካሮኒ፣ ጥግ ላይ ቢራ፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። አማቴ ዙሪያውን አይተው «የማን ሰርግ ነው?» አሉ። ጾሙ ይሄ ነው ስላቸው ቺዙን በሹካ ገፋ አደረጉና ዓሳውን በሉ፣ ሁለተኛም ጨመሩ፣ ጥሩ ተጠብሷል ብለው። ደግሞ 2023 እ.ኤ.አ. ስለነበር የቅዱስ ፓትሪክ ቀን አርብ ላይ ዋለና ብዙ ጳጳሳት የዛን ቀን ስጋ ፈቀዱ። ይሄንን ለእሳቸው አልነገርናቸውም። ሰው እንግዳውን ያከብራል።

ስልክ ላይ ግን ሌላ ሴትዮ ናቸው። ጎረቤታቸው የልጆቹን ትምህርት ስትጠይቃቸው «ካቶሊክ ናቸዋ» ብለው ዘጉት። ውሸት አይደለም። ሴትየዋ ባለፈው ለልጇ ልጅ አንድ ቦታ እንድናስገባላት መልዕክት ልካለች፣ ባለቤቴ የኛ ሳሎን ሞልቷል ብላ ልትመልስላት ፈልጋ በግድ ነው ያስቆምኳት።

የሜሪላንድ ሕግ ደሞ ቀልድ አያውቅም። ከመጀመርህ 15 ቀን በፊት ታሳውቃለህ፣ ከዛ ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የልጆቹን ሥራ የሰበሰብክበትን መዝገብ ይዘህ በአመት እስከ ሦስት ጊዜ ትቀርባለህ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ ብቻ ሳይሆን ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤና፣ ስፖርት ሁሉ ማስረጃ ይፈልጋል። ሙዚቃና ስፖርቱን የእስክስታ ቪዲዮ ባንድ ድንጋይ ጨረሰልን። የቀጣዩ ግምገማ ሲደርስ ግን የብርዱ ወራት ነበር፣ ልጆቹ ከሶፋ አልተነሱም፣ ስፖርት የሚባል ነገር የለም። ባለቤቴ መዝገቡን ስታገላብጥ ዲሲ ወዳለው የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ ኪዳነ ምሕረት፣ የሄድንባቸውን እሁዶች አየች። ቅዳሴው ረጅም ነው፣ አማቴ ደግሞ አጠገባቸው የቆመ ልጅ እንዲቀመጥ አይፈቅዱም። «መቆም፣ መስገድ፣ መነሳት፣ ያለ እረፍት» ብላ ሰዓቱን ደምራ ጻፈችው። ገምጋሚዋ አነበበች፣ መነፅሯን አስተካክላ ልጆቹን አየቻቸው፣ ስፖርት የሚለው ላይ ምልክት አደረገችና ወደ ጤና አለፈች። አማቴ ሲነገራቸው «እኔስ የስንት አመት ስፖርተኛ ነኝ ማለት ነው?» ብለው የሳቸውም ፖርትፎሊዮ እንዲከፈት ጠየቁ።